ሔዋን ዝም ያለችበት የቡና ለቀማ

መስከረም 20

ይህ ደብተር የሔዋን ነው። ትምርት ቤቱ ሁለት ደብተር አምጡ አለ፤ አመጣሁ። መምህርቷ ግን «ገና አራት ዓመቷ ነው አባባ፤ አሁን የምትጫወትበት ጊዜ ነው» ብላ አንዱን መለሰችልኝ። ባዶውን ከሚቀመጥ ልጻፍበት። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምርት ዘመቻ ነው፤ ቀን ቡና ስለቅም ውየ፣ ማታ በፋኖስ። ከጎጃም በመጣሁ በአራተኛው ዓመት። ከሰፈራችን ምስክር ወረቀቱን የተቀበልነው አምስት ሰዎች ብቻ ነን። ብዙ አልጽፍም እንጅ የጻፍሁት ይነበባል።

ነገሩ ስለ ልጅቱ ነው። እናቷ ማናልሞሽ፣ የኔ ልጅ፣ ማጂ ከተማ ነርስ ናት። ሔዋንን ጡት እንዳስጣለች እዚህ ሚዛን አምጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። እናቷ፣ ባለቤቴ ወለተሥላሴ፣ በሰኔ ዐረፈች። አሁን ቤቱ ውስጥ ልጅቱና እኔ ነን። ማናልሞሽ ለጥምቀት ስትመጣ ስለ ልጇ የምትጠይቀኝን ሁሉ በቃል ይዠ አልዘልቀውም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

መስከረም 23

ትምርት ቤቱ በር ላይ ቁሜ ሰማሁ። መምህርቷ ሜሮን ስዕል እያሳየች ትጠይቃለች፣ ልጆች ይመልሳሉ። ሔዋን ተነሥታ መለሰች፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የአያቷ የወለተሥላሴ ቋንቋ፣ ቤንችኛ። ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። የሚስቁት በሷ መሆኑን አላወቀችም። እኔ አወቅሁ።

በኔ በገሠሠ የልጅ ልጅ አይሳቅም።

መስከረም 24

ደንብ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አማርኛ ብቻ። ለሔዋን ነገርኋት። ቤንችኛ ሲያመልጣት አልመታትም፤ ልጅ መትቸ አላውቅም። ከንፈሯን በጣቴ ነካ አደርጋታለሁ፣ በቃ። ጎረቤት ሴቶችንም አጥር ላይ ቁመው በቤንችኛ እንዳያጫውቷት ነገርኋቸው። አንዷ «እሺ አባባ» ብላ ፊቷን አዞረች። ቅር ቢላትም የልጅቱን ነገ የማስበው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 2

ዝናብ። ቡናው መቅላት ጀምሯል። ልጅቱ እየገባት ነው። ዛሬ አንዴ ብቻ ነው ጣቴን ያነሣሁት።

ጥቅምት 9

ጭራሽ አላነሣሁም። ልጅ ቶሎ ይማራል።

ጥቅምት 15

ሜሮን ጠራችኝ። ልጅ ናት፣ የተማረች፣ ከአዲስ አበባ የመጣች።

«ሔዋን ክፍል ውስጥ መናገር ካቆመች ሳምንት አለፋት። ቤትስ?»

«ቤት ጨዋ ናት» አልሁ።

«ጨዋ ማለት?»

«አታስቸግርም።»

«ታወራለች ወይ ነው የምልዎት አባባ።»

የቡና ማድረቂያ አልጋዬ ላይ ሥራ አለብኝ ብየ ተነሣሁ። ቡናው ገና ዛፍ ላይ ነው።

በሩን ሳልፍ ረዳቷ ለሌላዋ ስትናገር ሰማሁ፤ «ሽማግሌው ልጅቱን በንጹሕ አማርኛ አሳድጋለሁ ብለው ነው አሉ። የራሳቸው አነጋገር የባላገር አይደል እንዴ?» ተሣሣቁ። እንዳልሰማ ሁኘ አለፍሁ።

እዚህ አገር እንደመጣሁ የለቀማው አለቃ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስም ሲጠራ የኔ ተራ ሲደርስ አነጋገሬን እየቀዳ ሰው ያስቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት ትቸ እጀን ብቻ አነሣ ነበር። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሆንሁ። ይህን ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም። የጀመርሁት ስለ ልጅቱ ነው።

ጥቅምት 21

ሳሙና ልገዛ አባቢያ ሱቅ ሄድሁ፤ ሔዋን አብራኝ ነበረች። አባቢያ የጅማ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ተፎጋግረናል። የልጅ ልጁ ዩስራ የሔዋን እኩያ ናት። ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ለደንበኛ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ወደ ጓሮ ለአያቷ በኦሮምኛ ትጮሃለች፣ በር ላይ ከቆሙት ልጆች ጋር በቤንችኛ ትጣላለች።

«አንተ ልጅቱን አደናገርሃት» አልሁት።

«የምደናገረው እኔ ነኝ። ሦስት አፍ ነው ያላት። የምቀልበው አንዱን ብቻ በመሆኑ አላህን አመሰግናለሁ።» ከዚያ ወደ ሔዋን ጎንበስ አለ። «አንቺስ ሚጡ፣ ከረሜላ ቀይ ነው ነጭ?»

ሔዋን በጣቷ ቀዩን አሳየች።

«አፍሽ የት ሄደ?»

«ዓይን አፋር ናት» አልሁ።

«ይቺ? ይቺ ልጅ እዚህ ቁማ ስለ አንድ ዶሮ ስትነግረኝ ሱቅ የምዘጋበት ሰዓት ያለፈብኝ ሰው ነኝ።»

ከረሜላውን አንፈልግም ብየ እጇን ይዠ ወጣሁ። ልጅቱ ዞር ዞር እያለች ነበር። ተመልሸ ልቀበልላት አስቤ ነበር። አልተመለስሁም።

ጥቅምት 30

ደቦ ነበር። ስድስት ሴቶች መጡልኝ፤ ሁሉም የሰፈሩ ቤንቾች። ወለተሥላሴ በየዓመቱ የነሱን ስትለቅም ኑራለች፤ ብትሞትም አልቀሩብኝም። ሔዋንን ዛፍ ሥር አስቀመጥኋት። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከዛፍ ዛፍ ወሬያቸውን ጀመሩ። ልጅቱ ቀና አለች። ፊቷ ሲበራ አየሁ። እኔም ደንቡን አስታወስኋቸው፤ «ልጅቱ እስካለች በአማርኛ አውሩ።»

አንዷ «እሺ አባባ። ቡና ነው። ቀይ ነው። ጨረስሁ» አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

ከዚያ ዝም አሉ። እስከ ቀትር ድረስ የሚሰማው ፍሬው ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ ብቻ ነው። በሌላ ዓመት አሥር ቅርጫት የሚሞላበት ሰዓት ስድስት ሞላ። ምሳ አንበላም ብለው ሄዱ፤ አንዷ ልጇ ታሟል፣ አንዷ እንግዳ አለባት። ስድስት ሰው በአንድ ቀን ጉዳይ አይገጥመውም። ምሳው ተረፈ።

ኅዳር 6

ማናልሞሽ ደወለች። ስጣት ላናግራት አለች። ሔዋን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆመች። ትተነፍሳለች፣ ሌላ የለም።

«አባየ፣ ምን ሆናለች?»

«ኔትወርኩ ነው።»

«አንተን እኮ በደንብ እሰማሃለሁ።» ቀጠለች፤ «ለጥምቀት ስመጣ ልጄ እንዲህ ከሆነች ይዣት ነው የምሄደው።»

ማጂ ማን ይጠብቃታል? ሌሊት ተረኛ ናት፣ ቀን ትተኛለች። ማጂ ብርድ ነው። የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው እንጅ እኔ ብቻየን ብቀር ምንም አልሆን።

ኅዳር 12

ምላሷ ታስሮ ይሆናል። የምትቆርጥ ሴት አለች ብለውኛል።

ኅዳር 14

በባጃጅ ወደ ሸዋ ቤንች ከተማ በሚወስደው መንገድ ወረድን። እማማ ሐፍሳ ይባላሉ፤ የልጅ ምላስ ሲታሰር ከሥሩ ያለውን ክር የሚቆርጡ አሮጊት። ለሜሮን አልነገርሁም። ልጀ ነርሷ ብታውቅ ታብዳለች። ሔዋን መንገዱን ሙሉ እጀን ይዛ ነበር። ወዴት ነው አላለችም።

ሴትዮዋ ምላጩን በእሳት አሳለፉት። ልጅቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገጯን ያዙ። አፏን ከፈተች። አላለቀሰችም። ምላጭ አይቶ የማያለቅስ የአራት ዓመት ልጅ አላየሁም። እሳቸውም አላዩም መሰለኝ፣ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ምላሷን በጣታቸው ወደ ላይ አነሡና ምላጩን አስቀመጡት።

«የታሰረ ነገር የለም። ይቺ ልጅ ድሮ ታወራ ነበር?»

«ታወራ ነበር።»

«ሲያወራ የኖረ ምላስ አድሮ ይታሰራል እንዴ ሰውየ? ቤት ውስጥ ማነው የሚያወራት?»

«እኔ።»

«ምን ምን ትላታለህ?»

 አሮጊቷ መልሴን ሳይጠብቁ ልጅቱን አቅፈው ከጉልበታቸው አወረዷትና ወደ ጓዳ ገቡ።

ኅዳር 15

እሑድ። ለልጅቱ የምላትን ሁሉ እጽፋለሁ ብየ ቀኑን ሙሉ እርሳስ ይዠ ዋልሁ። ይኸው።

ነይ። ብይ። ታጠቢ። ጫማሽን። ተይ። ተኚ።

አንዳንዱን ሁለቴ ብያለሁ። ሌላ የለም።

ለወለተሥላሴስ በቀን ምን ምን እላት ነበር ብየ ላስታውስ ሞከርሁ። እርሳሱን አስቀመጥሁት።

ኅዳር 20

አልአዛር ዘንድ ሄድሁ። አልአዛር የወለተሥላሴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከወንዙ ማዶ ቀፎ ሰቅሎ የሚኖር። ከቀብሩ ወዲህ አልተያየንም። መቃብሩ ላይ በቤንችኛ ሲያለቅስ፣ ልቅሶው ሲረዝም፣ «ካህናቱ ቁመዋል፣ አሳጥረው» ብየው ነበር። አፈሩ ሳይመለስ ጥሎኝ ሄደ። አምስት ቀን እሄዳለሁ አልሄድም ስል ነበር። ዛሬ ልጅቱን ይዠ ሄድሁ።

«ቀፎህን ልታሳየኝ መጥቸ ነው» አልሁት።

«ጋሼ ገሠሠ፣ አርባ ዓመት ንብ ፈርተህ ማዶ ቆመህ ነበር የምታየኝ። ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ልጅቱ አትናገርም።»

ቁጢጥ አለና በቤንችኛ አናገራት። ሔዋን መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ እኔን አየች። ያን አየሁ። አልአዛርም አየ።

«ምን አድርገሃት ነው?»

ነገርሁት። ደንቡን፣ ጣቱን፣ ደቦውን። ሚስቱን ጠርቶ ልጅቱን ወደ ውስጥ አስገባት።

«እህቴንም እንዲህ ነው ያደረግሃት?»

«እህትህን ማን ነካት። ዝምተኛ ሴት ነበረች እንጅ።»

«ማን? እህቴ?» ሳቀ፤ ደስ ብሎት አይደለም። «እሷ ገበያ ላይ ወሬ ስትይዝ የሚሸጥላትንም የሚገዛትንም ሰው ሥራ ታስፈታ ነበር። ልጅ ሳለን አባታችን ለአንድ ቀን ዝም በይ ብሎ በግ ቃል ገብቶላት በጉን አልበላችውም።»

ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ መሰለኝ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?» አለኝ። ይህን ከሰኔ ጀምሮ ሊጠይቀኝ የፈለገ ይመስላል።

«ሦስት ቀን ስትቃዥ ነበር።»

«በምን ቋንቋ?»

«በናንተ።»

«ታዲያ ቅዠት መሆኑን በምን አወቅህ?»

ወንዙን አየሁ። አልአዛርም ወንዙን አየ። ሚስቱ ከውስጥ ልጅቱ ትደር አለች። ትደር አልሁ። ብቻየን ተመለስሁ።

ኅዳር 21

ቡና አገላበጥሁ። የሚጻፍ የለም።

ኅዳር 25

ልጅቱ አልአዛር ቤት ሰንብታለች፤ እሷን ለማየት ሄድሁ። ከእንሰቱ ጀርባ ስደርስ ድምፅ ሰማሁ። ሔዋን ናት። ታወራለች። የአልአዛርን ሚስት አንድ ነገር ትጠይቃታለች፣ ይመለስላታል፣ እንደገና ትጠይቃለች። ምን እንደምትል አልገባኝም። ድምፁ ግን ከፍ ይላል ዝቅ ይላል፣ ልክ የአያቷ ነው። እግሬ ደክሞኝ ስለነበር እዚያው ቁጭ አልሁ። ብዙ ቆየሁ።

ስገባ ዝም አለች።

ታኅሣሥ 1

ባለፈው ሳምንት ለሜሮን ሁሉንም ነገርኋት፤ ምላጩን ብቻ አስቀርቸ። ትቆጣኛለች ብየ ነበር። አልተቆጣችም።

«በቤንችኛ የምታውቀው ሁሉ ሀብቷ ነው አባባ። ያ ሲመለስ አማርኛውም በላዩ ይመጣል። አንዱ ሌላውን አያባርረውም።»

«ልጆች ሲስቁባትስ?»

«እሱን ለኔ ይተዉልኝ፤ ሥራዬ ነው።»

«እዚህ በኔም ይሳቃል።» ይህን ልናገር አላሰብሁም ነበር። አመለጠኝ።

ደነገጠች። ማን እንደሚስቅ ታውቃለች። «አነጋገርዎ የአገርዎ ነው» አለችኝ ዝግ ብላ። «አያቴም እንደርስዎ ነው የሚናገሩት። ስሰማዎት ደስ ይለኛል።»

ከዚያ ወዲህ ስዕሉን ስታሳይ ልጆቹን «እናንተ ቤት ምን ይባላል?» እያለች በየቋንቋቸው እንደምታስጠራ አባቢያ ነገረኝ። ዩስራ በሦስቱም እየመለሰች የሌላውን ልጅ ተራ ትወስዳለች አሉ።

ታኅሣሥ 12

ከሰዓት በኋላ አልአዛር ቤት እቀመጣለሁ። ቃል እጠይቃለሁ፣ በፊደል እጽፋለሁ፣ አነባለሁ። ስናገር የቤቱ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። «ጽፈህ አትይዘውም» አለኝ አልአዛር፤ «ዜማውን ካልያዝህ ቃሉን አልያዝኸውም። እኛ እኮ በፉጨትም እንነጋገራለን።» ወጥቶ ወደ ማዶ አፏጨ። ቡናው ውስጥ ያለው ልጁ በፉጨት መለሰ።

«ምን አልኸው?»

«አማቼ መጥቷል፣ ትልቁን በርጩማ አምጣ።»

ጥቂት ቆይቶ በርጩማው መጣ። አርባ ዓመት ይህን ፉጨት ስሰማ ኑሬ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ልጆቹ ሲበዙብኝ ልነሣ ነበር። ሔዋን ከጥግ ሁና ታየኛለች። አልተነሣሁም። ይሳቁ።

ታኅሣሥ 20

ወለተሥላሴ የክርስትና ስሟ ነው፣ ስንጋባ ያወጣንላት። እናቷ ያወጣችላትን ስም አልአዛርን ጠየቅሁት። ነገረኝ። ወንዙ ዳር ቁሜ ለብቻየ ብየ ሞከርሁት። በዜማው መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሔዋን እጀን ሳመች። አልተናገረችም።

ጥር 9

ማናልሞሽ ትናንት ገባች። ልጇን በአልአዛር ደጅ ከልጆች ጋር ስትጯጯህ አይታ «ደህና ናት እኮ አባየ፣ ምን አስፈራኝ» አለች። ዝም ብል ነገሩ ያልፍ ነበር። ደብተሩን ልሰጣት አሰብሁ፣ ከዚያ በአፌ ነገርኋት። ጣቱንም፣ ምላጩንም።

ምላጩ ላይ ስደርስ ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔንም ልጅ ሳለሁ "ጨዋ ናት" ነበር የምትለኝ።»

«ጨዋ ነበርሽ።»

«እማየ መጨረሻ ላይ ስልክ ይዛ አንድ ነገር ነገረችኝ። በቤንችኛ። የገዛ እናቴ የምትለው አልገባኝም፤ በአማርኛ በይው እያልሁ ጮህሁባት።» ጉንጯን በነጠላዋ ጠረገች። «ሔዋን ወደፊት እንደኔ እንድትሆን አልፈልግም።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። ለልጀ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ውሃ አምጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

ጥር 12

ማጂ አትወስዳትም። ሔዋን አልአዛር ቤት ትኖራለች፣ ቢያንስ እስከ ክረምት። እኔ ጠዋት ትምርት ቤት አደርሳታለሁ፣ ከሰዓት እመልሳታለሁ። «ከፈለግህ» አለችኝ ማናልሞሽ። ይህ ቃል ነው ያመመኝ።

ልጅቱ ሚዛን ቀረች፣ ቤቴ አልቀረችም። አልተከራከርሁም። የምከራከርበት ነገር ብፈልግ አጣሁ።

ጥር 15

ስንሄድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትቀራለች። ስቆም ትቆማለች። ዛሬም እንደዚሁ።

ጥር 20

ሌሊት ዘንቦ ነበር። ከአልአዛር ቤት ተቀበልኋትና ሄድን። ድልድዩን እንዳለፍን አንድ ባጃጅ ጭቃ ይዞት ሦስት ሰው ይገፋል። ሹፌሩ አዳልጦት ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ተነሥቶ ሱሪውን ሲያይ እንደገና ተቀመጠ። ሔዋን ሳቀች። ከዚያ መጥታ ከጎኔ ሆነችና ተናገረች። ወዲያ ወዲህ አየሁ፤ ሌላ ሰው የለም፤ ለኔ ነው።

«ባጃጅ» የሚለውን ሰማሁ። «ሱሪ» የሚለውን ሰማሁ። ከቤንችኛው አንድ ቃል የማውቀው መሰለኝ። የቀረው አልገባኝም።

«ድገሚልኝ» አልኋት።

ፊቴን አየች። ደገመችልኝ። አሁንም አልገባኝም። በሦስተኛው ቀስ ብላ፣ ለሞኝ እንደሚነገር አድርጋ፣ በእጇም እያሳየች አስረዳችኝ። ገባኝ ብየ ልዋሻት ነበር።

«አልገባኝም» አልኋት። «ግን ቀጥይ።»

ቀጠለች። ዳገቱን ወጣን፣ ገበያውን አለፍን፣ አላቆመችም። ሰዎች ሰላም ሲሉኝ በእጀ እየመለስሁ አለፍሁ። ትምርት ቤቱ በር ስንደርስ ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ገብተዋል። ሜሮን ከውስጥ አየችን። ሔዋን ወሬዋን አልጨረሰችም ነበር፤ እስክትጨርስ ውጭ ቆምን።